ጥጡ የበላበት ሳምንት

ባለፈው ክረምት፣ እዚህ ጅግጅጋ፣ ልጄ መጋዘን ውስጥ የደረደረችው ማዳበሪያ ረጠበባት። ለስንዴ ገበሬዎች የምታከፋፍለው ነው። ዝናቡ በቆርቆሮው ቀዳዳ ገብቶ ሦስት ጆንያ አበስብሶ ኖሮ፣ ጠዋት በሩን ስትከፍተው ያ ሽታ ወጣ። የከብት ሽንት ይመስላል፣ ግን አይደለም፤ አፍንጫን ወግቶ ዓይን ውስጥ ነው የሚገባው። እኔ በረንዳው ላይ ተቀምጬ ምስር እለቅም ነበር። ቀና ስል ከጆንያው ስር ነጭ ውሃ እየተንጠባጠበ፣ ሲሚንቶውን ይዞ የጎረቤት ፍየሎች ወደሚውሉበት ቦይ ይወርዳል። ሰፌዱን ጣልኩት። በዚህ ጉልበቴ እንዴት እንደሮጥኩ እኔም አላውቅም። ፍየሎቹን በከዘራ እየደበደብኩ እስከ አስፋልቱ አባረርኳቸው።

«አዬዮ አበደች! አዬዮ አበደች!» አሉ የሰፈሩ ልጆች። አዬዮ በሶማሊኛ አያት ማለት ነው፤ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚጠሩኝ።

«እማዬ፣ ምን ነካሽ? ፍየል እኮ ነው፣ ጅብ አይደለም» አለች ልጄ።

«አፈር ድፊበት። ፍየል እንዳይቀምሰው» አልኳት። ሌላ አልጨመርኩም። ለእሷ ያልነገርኳትን ነው አሁን የማወራው።

ስምንት ወይ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ያኔ ዕድሜ ማን ይቆጥርልናል። ወሎ፣ አገራችን፣ እናቴ ወልዳ ታማ ተኝታለች። አባቴ ለአረፋ ከቆላ ሲመጣ እኔን የሚያበላኝ ሰው እንደሌለ አየና፣ «ይቺን ለአንድ ዓመት እኔ ልያዛት» ብሎ ሎሪ ላይ ሰቀለኝ። አባቴ የጥጥ እርሻ ውሃ አጠጪ ነበር። እርሻው ከአፍደም ወደ አዋሽ ቆላ በሚወርደው መንገድ ነው። ባቡር መሳፈር ቢያምርህ አፍደም፣ ስኳር ቢያልቅብህ አፍደም፣ ሰው ቢታመም አፍደም። እኛ ግን ብዙ ጊዜ የትም አንሄድም። ሙቀቱ ሰውን ከቤቱ አያወጣም።

ቤታችን አንድ ክፍል የቆርቆሮ ቤት ናት፣ ከዋናው ቦይ አጠገብ። በአንድ በኩል ጥጡ ነው፣ ዓይን እስኪታክት። በሌላ በኩል እሾሃማ ሽቦ አጥር፣ ከአጥሩ ወዲያ የሶማሌዎቹ አገር፤ አሸዋ፣ ግራር፣ አሸዋ። እርሻው ውስጥ ትምህርት ቤት ነበረ፤ የጸሐፊዎቹና የመካኒኮቹ ልጆች ይገቡበታል። የውሃ አጠጪ ልጅ ውሃ ታያለች። እኔም ውሃ ሳይ ዋልኩ።

አባቴ አካፋውን እንደ ልጅ ነበር የሚይዘው። ሲሄድ ትከሻው ላይ፣ ሲበላ ጉልበቱ ላይ። በባዶ እግሩ ትልሙ ውስጥ ቆሞ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። «መሬት ሲጠግብ ውሃው ድምፁን ይቀንሳል» ይለኛል። እኔ ጆሮዬን ጭቃ ላይ እደፋለሁ፣ ምንም አይሰማኝም፤ «አዎ፣ ቀነሰ» እላለሁ። ይስቃል። ቦዮቹ ሁሉ በር አላቸው፤ በር ማለት አራት ማዕዘን ቆርቆሮ ነው፣ ወደ ላይ ስትስበው ውሃው ይወጣል፣ ስትጫነው ይቆማል። የእያንዳንዱን በር ጠባይ ያውቃል። «ይቺ ቁጡ ናት፣ ቀስ ብለሽ ነው» ይላል፣ ስለ ቆርቆሮ።

መጀመሪያ የደረስኩ ሰሞን ጥጡን ውሃ ከልክሎት ነበር። ቅጠሉ ቀትር ላይ ጆሮው እንደወደቀ አህያ ይሆናል፤ አባቴ ግን ዝም ብሎ ያየዋል።

«አባዬ፣ ምን አጥፍቶ ነው?» አልኩት።

«ማን?»

«ጥጡ። ለምን ትቀጣዋለህ?»

ሆዱን ይዞ ሳቀ። ሳይጠማው ሥሩን ወደ ታች አይሰድም፣ በየቀኑ ከጠጣ ቅጠል ብቻ ሆኖ ይቀራል፣ ፍሬ አይዝም አለኝ። እኔ ግን ቅጣት ነው ብዬ ነው ያመንኩት። አባቴ የሚቀጣውን ይቀጣል፣ የሚምረውን ይምራል፤ ውሃ በእጁ ነው። በእኔ ልብ ከአባቴ በላይ ሹም አልነበረም። ጥቁር መነጽር አድርጎ በብስክሌት የሚዞረው ካቦ እንኳ፣ የሥራው አለቃ፣ የአባቴ ተላላኪ ነበር የሚመስለኝ። ፊሽካ ሲነፋ አባቴ የሚሮጠው ለአክብሮት ነው ብዬ ነበር።

ዴቃን ያገኘኋት በአጥሩ በኩል ነው። እኩያዬ ናት፣ ግን ቁመቷ ከእኔ በጭንቅላት ይበልጣል። የመጀመሪያ ቀን ምንም ሳትናገር በሽቦው መሃል እጇን አስገብታ ፀጉሬን ነካችው፤ እኔም እጄን አውጥቼ ሻሿን ነካሁባት። ከዚያ በኋላ ጓደኛሞች ሆንን። እሷ ከገበያ የለቀመችው አማርኛ ነበራት፣ እኔ ከእሷ ሶማሊኛ ለቀምኩ። ከአሮጌ ጥጥ አሻንጉሊት እንሠራለን፤ የእሷ አሻንጉሊቶች ሁልጊዜ ግመል ናቸው፣ የእኔ ሁልጊዜ ሙሽራ። ሙሽሮቼን በግመሎቿ ላይ እንጭናቸዋለን።

እናቷ ሀሊሞ ትባላለች። ባሏ በዚያ ዓመት በነበረው ድርቅ ሞቷል፤ ከብቱም አንድ በአንድ አልቆ ሦስት ላሞች ቀርተዋታል። ከሦስቱ የምትታለበው አንዷ ናት፣ ጉዱዶ፣ ቀይዋ ማለት ነው። ዴቃ ገና የምትድህ እህት ነበረቻት፤ ያቺ ሕፃን በጉዱዶ ወተት ነው የቆመችው፤ ሀሊሞ ራሷ ጡቷ ደርቋል። ይህ ሁሉ እያለ፣ ሀሊሞ በየቀኑ ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አንዲት ትንሽ ኩባያ በሽቦው ታቀብለኛለች። በእንጨት ጭስ የታጠነ ወተት፣ ጭሱ እስከ ደረት የሚወርድ። «ጠጪ፣ አጥንትሽ ይታያል» ትለኛለች። የማን አጥንት እንደሚታይ አላህ ያውቃል።

ወተቱ ለምን እንደሚሰጠኝ ማንም አልነገረኝም፣ ግን ገብቶኛል። ከአጥሩ ውጪ ጉድባ ነበረ፤ ከአባቴ ቦይ ትርፍ ውሃ የሚፈስበት። የእርሻው ትእዛዝ ለከብት ጠብታ እንዳይወጣ ነው። አባቴ ግን ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ቆርቆሮውን ሁለት ጣት ያህል ያነሳዋል፤ ላሞቹ ይመጣሉ፣ ይጠጣሉ፤ ይዘጋዋል። ወንዙ ለደካማ ከብት ግማሽ ቀን ነው። «ውሃው የፈጣሪ ነው፤ የእርሻው ቆርቆሮው ብቻ ነው» ይላል አባቴ። ይህን ሲል እኮራበት ነበር፤ ወይ ኩራት።

ከዚያ ማዳበሪያው መጣ። በሎሪ፣ ነጫጭ ጆንያ። ሴቶቹ በጣሳ እየያዙ በየትልሙ ይበትናሉ። «ምንድን ነው?» ብዬ ስጠይቀው «ጥጡ ሊበላ ነው» አለኝ አባቴ። «ዛሬ ይበላል፣ ነገ ይጠጣል።» ከአንዲት ሴት እጅ የወደቀችውን አንዲት ፍሬ አንስቼ ምላሴ ላይ አደረግኳት። ጨው መስላኝ ነበር። መጀመሪያ ምላሴን አቀዘቀዘችው፣ ቀጥሎ መረረች። ተፋሁ። ቀኑን ሙሉ ሞትን ስጠብቅ ዋልኩ፤ ምሽት ላይ ራበኝ፣ በላሁ፣ ተኛሁ። እንግዲህ አይገድልም ማለት ነው አልኩ በልቤ። ለአባቴ አልነገርኩትም፣ የወደቀ ነገር አትቅመሺ ስለሚለኝ።

ሴቶቹ ሥራውን ሳይጨርሱ ካቦው ቸኮለ። ራቅ ያሉት ማሳዎች ገና አልደረሳቸውም። ስለዚህ አንድ ቀን ጠዋት፣ በቤታችን በኩል ባለው የቦዩ ራስ ላይ ጉድጓድ አስቆፈረ። ጆንያዎቹን በካራ ቀደው ጉድጓዱ ውስጥ ገለበጧቸው፣ ውሃ ለቀቁበት፣ በረጅም እንጨት አማሰሉት። ወጥ እየተሠራ መሰለኝ። ያ የበጠበጡት ውሃ በአንድ በር ወደ ጥጡ ይሄዳል። በሌላኛው በር፣ ያ አባቴ ሁለት ጣት የሚያነሳው፣ ወደ ጉድባው ይወጣል።

አባቴና ካቦው ሲነጋገሩ ከሩቅ አይቻለሁ። አባቴ እጁን ወደ አጥሩ ይዘረጋል። ካቦው ብስክሌቱን ተደግፎ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። ጥጡ በልቶ ተኝቷል፣ አትቀስቅሱት እያለ ነው ብዬ ነበር እኔ፤ ያን ቀን በእግሬ ጣት ነው የሄድኩት። የተባባሉትን ግን ያማስሉ ከነበሩት ሴቶች አንዷ ነገሩ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነገረችኝ።

«ካቦ፣ ይህ ውሃ ወደ ጉድባው ከወጣ ከብት ይጨርሳል። በፊት በሠራሁበት እርሻ በዓይኔ አይቻለሁ» አለው አባቴ።

«እንግዲያው አታውጣዋ! በሩ በማን እጅ ነው?»

«ልንገራቸው፤ ለጥቂት ቀን እንዲርቁ።»

«ስማ፣ አንተ ወሎዬ። ዛሬ ይገድላል ብለህ ከነገርካቸው፣ ነገ በረሃብ የሞተውን ሁሉ እየጎተቱ በራችን ላይ ይጥሉልናል። ቃል ከአፍህ ከወጣ አካፋህን ለሌላ አስረክብ።»

አባቴ ትልቅ ድንጋይ ተሸክሞ መጣና በጉድባው በር ቆርቆሮ ላይ ጫነው። ከዚያ ወደ ቤት ገብቶ ጀርባውን ሰጥቶኝ ተቀመጠ።

በአሥር ሰዓት ላሞቹ መጡ። ጉድባው ደረቅ ነው። ሀሊሞ አጥሩ ላይ ቆማ ጠራችው።

«ሰይድ፣ ዛሬስ?»

«ካቦው ከለከለ፣ ሀሊሞ።»

«እስከ መቼ?»

«ሦስት ቀን... አራት ቀን።»

«ላም ቀን ትቆጥራለች እንዴ?» አለችው። ሳትቆጣ ነው ያለችው። የዚያን ቀንም ኩባያዋን አቀበለችኝ፤ ኩባያው ግማሽ ነበር።

«አባዬ፣ ለምን አትከፍትላቸውም?» አልኩት።

«ጥጡ እየበላ ነው። ሲበላ አይነካም።»

ይኸው ነው የነገረኝ። ለጥጥ ይራራል፣ ለጉዱዶ ግን አይራራም ማለት ነው ብዬ ተረዳሁት። ያ ሁሉ ሲቀጣው የነበረ ጥጥ አሁን ድግስ ተደግሶለት፣ ቅጣቱ ወደ ላሞቹ ዞረ። እንደ ልጅ አእምሮ ይህ ምክንያት አለው። አሁን ሳስበው ግን ይቆጨኛል፤ አንድ ቃል፣ «ይገድላል» የምትል አንዲት ቃል፣ ለእኔ ለልጁ ለመንገር እንኳ ፈርቷል። ከሕፃን ወሬ ይወጣል ብሎ ይሆናል። እውነቱንም ነው፣ ይወጣ ነበር።

በሁለተኛው ቀን ዴቃ ለጨዋታ አልመጣችም። ቆማ ብቻ አየችኝ።

«አባትሽ ለቅጠል ያጠጣል፣ ላም ይከለክላል» አለች።

«አባቴ አይደለም! ካቦው ነው!»

«ካቦው ቆርቆሮ ያነሳል? እጁ እንደ ሙሽራ እጅ ነው። የሚያነሳውም የሚዘጋውም አባትሽ ነው። እኛ ዘንድ ውሃ የከለከለ ሰው ምን እንደሚባል ታውቂያለሽ?»

«ምን ይባላል?»

«ስም የለውም። አይጠራም።»

ቤት ገብቼ አለቀስኩ። እኔ የሹም ልጅ አልነበርኩ?

ሦስተኛው ቀን፣ ቀትር አልፎ። አባቴ ከታች በኩል ቦይ ተንዶ ሊደፍን ሄዷል። ዴቃ ሦስቱን ላሞች ይዛ መጣች፤ ወንዝ መውሰድ ነበረባት፣ ግን ጉዱዶ መንገድ ላይ ሁለቴ ተንበረከከችባት፤ መለሰቻቸው። ላሞቹ የውሃው ሽታ ሸትቷቸው አንገታቸውን በሽቦው ላይ ጥለው ይጮሃሉ። የዴቃ ዓይን ቀልቷል።

«ያ ጥጡ የሚበላው ነገር ምንድን ነው?» አለችኝ።

«ነጭ ጨው ነው። ውሃው ውስጥ ሟሙቷል።»

«ጨው?» አለች። «አምጪ እስቲ።»

ከጉድጓዱ በመዳፌ ቀድቼ፣ እየተንጠባጠበብኝ አመጣሁላት። በምላሷ ጫፍ ነካችው፤ ፊቷ ተጨማደደ፤ ተፋች። ከዚያ ዓይኗ በራ።

«መራራ ውሃ ነው!»

ከብት አርቢ ያልሆነ ሰው ይህ አይገባውም። እነሱ ከብታቸውን በዓመት አንዴ ወይ ሁለቴ መራራ ጉድጓድ ይወስዳሉ፤ ጨዋማ፣ ሰው የማይጠጣው ውሃ። ሆድ ያጥባል፣ ትል ያወጣል፣ ወተት ያመጣል ይላሉ፤ እውነትም ያመጣል። የእነሱ መራራ ጉድጓድ የሦስት ቀን መንገድ ነው። በዚያ ዓመት ላሞቹ ስለደከሙ ሀሊሞ መውሰድ አቅቷት፣ «መራራ ውሃ ቢያገኙ እኮ» እያለች ከርማለች። ይኸው መራራ ውሃ፣ እግራቸው ስር።

«ለዚህ ነው ለጥጡ ብቻ የደበቁት!» አለች ዴቃ። «ስስታሞች! ዘሀራ፣ አይገድልም አይደል?»

«እኔ ጨዉን ቀምሼዋለሁ፤ ምንም አልሆንኩም» አልኳት። ኮራሁ እንደውም። እኔ የምሰጠው ነገር ተገኘ። ያን ሁሉ ኩባያ በአንዴ የምመልስበት ነገር።

ድንጋዩ ከብዶኝ በሆዴ ገፋሁት። ቆርቆሮውን በሁለት እጄ ሳብኩት። እምቢ አለ፤ ከዚያ በአንዴ ወጣልኝና በመቀመጫዬ ጭቃው ላይ ወደቅኩ። ውሃው ነጣ ብሎ፣ አረፋ ይዞ ወጣ። ላሞቹ አንገታቸውን ሲደፉ ዓለም ጸጥ አለ። የሚሰማው ጉሮሯቸው ብቻ ነው፣ ጉርት ጉርት። ዴቃ የጉዱዶን ጉሮሮ እያየች ትቆጥራለች፤ «ማታ ወተት ይፈሳል! ለአንቺ በትልቁ ኩባያ ነው!» ትለኛለች። ሳቅን። ያን ሳቅ አልረሳውም። ጠጥተው ሲጠግቡ ቆርቆሮውን ጫንኩ፣ ድንጋዩን እንደምንም መለስኩት።

ብዙም አልቆየም። መጀመሪያ የጉዱዶ ጆሮ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ዝንብ ነው አልን። ከዚያ ጭኗ ተንቀጠቀጠ። አረፋ ደፈቀች። ሆዷ እንደ ከበሮ እየተወጠረ፣ እግሯ እየተጠላለፈ ሄደች፣ ሄደችና በጎኗ ወደቀች። ሁለቱም ተከተሏት። ዴቃ እየጮኸች ወደ እናቷ ሮጠች። እኔ ወዴት ሮጥኩ? ወደ ጥጡ። ትልሙ ውስጥ ተኛሁ፣ ጭቃው ውስጥ፤ ያ ሽታ ከመሬቱ እየተነሳ ዓይኔን አቃጠለኝ። ላሞቹ ሲጮሁ ሰማሁ፤ ኋላም ዝም አሉ። ሀሊሞ መጣች። ኡኡታ ጠበቅኩ። አላለችም። ሦስቱንም በስማቸው ጠራቻቸው፣ አንድ በአንድ፣ ቆም እያለች፣ መልስ እንደሚጠብቅ ሰው።

አባቴ መጥቶ ከትልሙ አወጣኝ። አልተቆጣኝም፣ አልጠየቀኝም። አጠበኝና አስተኛኝ። ማልዶ ግን፣ ፀሐይ ገና ስትወጣ፣ እጄን ይዞ ወደ ጉድባው በር ወሰደኝ። ጭቃው ደርቆ ጠጠር ብሏል። የጎማ ጫማዬ ሶል አበባ ነበረበት፤ ጭቃው ላይ ያ አበባ ሞልቷል፤ በበሩ ዙሪያ፣ በድንጋዩ ዙሪያ፣ በመቀመጫዬ የወደቅኩበትም ጭምር። አባቴ አበባዎቹን አየ፤ እግሬን አየ። ከዚያ ውሃ ረጨበትና አካፋውን አገላብጦ መሬቱን ላጠው። እንደ ሊጥ አለሰለሰው። እኔ በሕይወቴ እንዲያ በጥንቃቄ ሲሠራ አይቼው አላውቅም።

«ጫማሽን አውልቂ» አለኝ ሲጨርስ። አወለቅኩ። ከዚያ ቀን በኋላ ጫማውን አላየሁትም።

ሽማግሌዎቹ ረፋድ ላይ መጡ፣ አምስት ሆነው፤ ሀሊሞና ዴቃ፣ ሌላም ሰው ተከትሏቸዋል። ትልቁን ሁሉም «ኦዴይ» ነው የሚላቸው፤ ሽማግሌ ማለት ነው። አጥሩን ዞረው ገቡና ከጉድባው በር አጠገብ ግራሩ ጥላ ስር ተቀመጡ። ካቦው በብስክሌቱ መጣ። ሥርዓታቸውን ኦዴይ በአማርኛ አስረዱ፤ ከአጥሩ ውስጥ ያለ እጅ ውሃውን ከከፈተው፣ እርሻው ለዚች ባሏ ለሞተባት ሴት ላም በላም ይተካል። ከአጥሩ ውጪ ያለ እጅ ሾልኮ ከከፈተው፣ ማንም ማንንም አይጠይቅም።

«ውሃው ንጹህ ነው። ከብቶቹ በበሽታ ነው የሞቱት» አለ ካቦው።

ኦዴይ ከሰው ኩባያ ተቀብለው፣ ዝቅ ብለው ከጉድጓዱ ቀዱ፤ ለካቦው ዘረጉለት። «እንግዲያው ጠጣ፣ ልጄ። ፀሐይ ነው፣ ደክሞሃል።»

ሰዉ ሳቀ። ካቦው መነጽሩን አስተካከለ፤ ኩባያውን አልተቀበለም። ኦዴይ ውሃውን ደፍተው ወደ አባቴ ዞሩ።

«ሰይድ፣ አንተ የእምነት ሰው ነህ። ይህ ውሃ እንደሚገድል ታውቅ ነበር?»

አባቴ ካቦውን አየ፣ ከዚያ እኔን። «አላውቅም ነበር» አለ።

«ማን ከፈተው?»

«እኔ አልከፈትኩም።»

ኦዴይ ወደ በሩ ሄደው ጭቃውን በከዘራቸው ጫፍ ነካ ነካ አደረጉት። የጠፋ ግመል በዱካ ተከትለው የሚያገኙ ሰዎች ናቸው። «ይህ ጭቃ ዛሬ ጠዋት ነው የተላጠው» አሉ።

«ሥራዬ ነው» አለ አባቴ።

አሁን እናገራለሁ፣ አሁን እናገራለሁ እያልኩ የአባቴን ጀርባ አያለሁ። ሽማግሌዎቹ ሁሉ እኔን የሚያዩ መሰለኝ፤ ወይም እያዩኝ ነበር። ያኔ ዴቃ ከእናቷ አጠገብ ተነሳች።

«እኔ ነኝ» አለች። «በሽቦው ስር ገባሁ። መራራ ውሃ መስሎኝ ከፈትኩት።»

«ማን ነበር አብሮሽ?»

«ማንም።»

አላየችኝም። ሀሊሞ በሻሿ ጫፍ ፊቷን ሸፈነች። ኦዴይ ቀጭኗን ልጅ አዩ፣ ድንጋዩን አዩ፣ ድንጋዩን ደግመው አዩት። የሀሊሞ ልጅ በገዛ አፏ ከመሰከረች በኋላ ግን ሥርዓቱ አልቋል። «ነገሩ ተዘጋ» አሉ፤ ከዘራቸውን ተመርኩዘው ተነሱ። ካቦው ፊሽካውን እየነፋ ሄደ።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ በአጥሩ አገኘኋት። ጉንጯ አብጧል፤ እናቷ መትታት ነው።

«ለምን?» አልኳት።

«ያንቺ እጅ ነው ካሉ አባትሽን ያባርሩታል። ከተባረረ አንቺም ትሄጃለሽ» አለችኝ፤ እንደ ቀላል ነገር፣ እንደ ሒሳብ። «ከማን ጋር እጫወታለሁ?»

ያ የሕፃን ልብ ያሰላው ይህን ነው። ላም የሌላት እናት እዚያ በረሃ ላይ ልትቀመጥ እንደማትችል አላሰላም።

ለአባቴ ካቦው ስኳር ላከለት፣ በወረቀት የተጠቀለለ። ስለ ምን እንደሆነ ግን አልተባለም። አባቴ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠው፤ አልበላው፣ አልጣለው፤ ጉንዳን ወረረው። ስኳሩ እየጎደለ ወረቀቱ ባዶውን እስኪቀር ድረስ እያየነው ኖርን። ጥጡ በዚያ ሳምንት ጠቆረ፤ ቅጠሉ እንደ መዳፍ ሰፋ። ያማረ ጥጥ ነበር፤ ሰው ሁሉ አደነቀው።

በሳምንቱ ሀሊሞ ዕቃዋን በአንድ የውሰት አህያ ጫነች። አፍደም ሄዳ ለሰው ቤት ውሃ ልትቀዳ ነው። የምትድሃዋ ሕፃን ጀርባዋ ላይ ናት፤ አታለቅስም ነበር፤ ብታለቅስ ይሻል ነበር። በአጥሩ መጥታ ቆመች። አባቴ አካፋውን ይዞ ወጣ። እነሱም እኛም እስላሞች ነን፤ ሰው ሲለያይ «አውፍ በሉኝ» ይባባላል፣ ያስቀየምኳችሁን ይቅር በሉኝ ማለት ነው። አላህ ፊት የሰው ሐቅ ይዞ እንዳይቀርብ።

«ሰይድ» አለች ሀሊሞ፣ «ብዙ ቀን ውሃህን ጠጥተናል። ልጄ ያልተፈቀደላትን ነካች፤ አንተንም በሽማግሌ ፊት አስጠየቀችህ። አውፍ በለን።»

አባቴ መሬት መሬት አየ። «አውፍ ብያለሁ» አለ። ከዚያ ቀጥሎ የእሱ ተራ ነበር፤ እሱም መልሶ መጠየቅ ነበረበት፤ ማንም ይጠይቃል፣ ምንም ያልበደለ እንኳ ይጠይቃል። አፉን ከፈተ። ዘጋው።

ሀሊሞ ትንሽ ጠበቀችውና ወደ እኔ ዞረች። በሽቦው መሃል እጇን አስገብታ አናቴን ዳሰሰችኝ። «አንቺም፣ ልጄ፣ አውፍ በይን።»

ዴቃ የአህያዋን ገመድ ይዛ ቆማለች፤ አፍ አፌን ታያለች።

«አውፍ ብያችኋለሁ» አልኩ።